ሳሎኑ ለሁለት ሲከፈል

አባቴ የሁለት እንግሊዝኛ ቃላትን ልዩነት ለማስረዳት ብሎ የሰው ዩኒፎርም ጀርባ አራት ቦታ ቆረጠው። የቤታችን ነገር መበላሸት የጀመረው ያን ዕለት ነው ብዬ ለብዙ ዓመታት አምኜ ኖሬአለሁ። አሁን ሳስበው ያኔ በሙሉ ልቤ ያመንኩት ነገር ሁሉ የተገላቢጦሽ ነበር። ስምንት ዓመቴ ነው፤ በዚያ ዕድሜ ደግሞ ሰው የማያውቀው ነገር የለም።

አባቴ ጠዋት ጠዋት ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ ያስተምራል። ከሰዓት በኋላ ሥራ ያላቸው ትልልቅ ሰዎች ቤታችን እየመጡ በግል ይማሩ ነበር። እናቴ ልብስ ሰፊ ናት። ዩኒፎርም፣ መጋረጃ፣ የትራስ ልብስ፣ የመጣላትን ሁሉ ትሰፋለች። ሁለቱም የሚሠሩት በአንዱ ሳሎናችን ውስጥ ነበር። በመስኮቱ በኩል የእናቴ የስፌት መኪና፣ በበሩ በኩል የአባቴ ጥቁር ሰሌዳ፣ መሀል ላይ እኔ። አባቴ "ከእኔ በኋላ በሉ" ሲል የእናቴ መኪና ትርርር ይላል፤ ተማሪዎቹም ደንገጥ ብለው አንዴ አባቴን አንዴ እናቴን ያያሉ።

እናቴ ደግሞ አፏን አትይዝም ነበር። አንድ ተማሪ ቃል አልዞርልህ ሲለው ከመኪናዋ ቀና ሳትል "ኧረ ተወው፤ ይሄ ሰውዬ አምናም እዚሁ ቃል ላይ ነበር የቆመው!" ትላለች። ተማሪው ይስቃል፣ ሌሎቹም ይስቃሉ፤ አባቴ ጠመኔውን እስኪሰበር ድረስ ሰሌዳው ላይ ይጫነዋል።

የዚያን ዕለት ጥያቄውን ያመጣው አንድ ወፍራም የጭነት መኪና ሹፌር ነው። ጢሙን እያፍተለተለ "መምህር፣ ዲቫይድና ሴፓሬት ያው አይደሉም እንዴ? ሁለቱም ነገርን ከነገር ማለያየት ነው" አለ። አባቴ እንዲህ ዓይነት ጥያቄ ሲያገኝ ዓይኑ ይበራል። የእናቴን የአዝራር ቆርቆሮ አነሳና ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈው። ጥቁርና ነጭ አዝራር ተደባልቆ ፈሰሰ።

"ይሄውላችሁ" አለ፣ ጥቁሩን ወደዚህ ነጩን ወደዚያ በጣቱ እየገፋ። "ሴፓሬት ማለት ይሄ ነው። ድሮም ለየብቻቸው የነበሩ ነገሮች አንድ ላይ ሲኖሩ ቆይተው፣ አሁን እያንዳንዱ ወደየራሱ ሄደ።"

ከዚያ እጁን ዘርግቶ ከእናቴ ጠረጴዛ ላይ አንድ ሰማያዊ ጨርቅ ሳብ አደረገ፤ መቀሱንም ጨምሮ። "ዲቫይድ ደግሞ አንዱን ነገር መክፈል ነው።" ቀጭ። "ይሄው ሁለት ሆነ።" ቀጭ፣ ቀጭ። "አራት። ግን እዩት፤ አራቱም ያው ያ ጨርቅ ናቸው። ማንም ከማንም ባዕድ አልሆነም።"

ሹፌሩ "አሃ!" አለ። እኔም በልቤ አሃ አልኩ። ከቤቱ ውስጥ አሃ ያላለችው እናቴ ብቻ ነበረች። መኪናዋ ቀጥ አለ።

"ምንድን ነው የቆረጥከው?"

"ቁራጭ መስሎኝ..."

"ጀርባ ነው! የልጁ ጀርባ ነው! ነገ ጠዋት የሚወሰድ! አንተ ሰውዬ፣ እኔ ለዚህ ነው ቀኑን ሙሉ ጎብጬ የምውለው?"

ሹፌሩ ነገሩ ገብቶታል። ደብተሩን ብብቱ ስር ሸጉጦ "በሉ መምህር፣ ለዛሬው ይብቃን" አለና በሩን ቀስ አድርጎ ዘግቶልን ወጣ።

ከዚያ በኋላ የተባለውን ሁሉ አልዘረዝረውም። ባጭሩ የእናቴ ታላቅ እህት ለማስታረቅ ተጠራች። አክስቴ ጨዋ ሴት ናት፤ ምስጢር ስታወራ ድምጿን ዝቅ ያደረገች ይመስላታል እንጂ የእሷ ሹክሹክታ ለጎረቤትም ይተርፋል። እኔ ጓዳ ተቀምጬ ድንች እልጣለሁ፤ ጆሮዬ ግን ሳሎን ነው። ወሬው እየተቆራረጠ ይደርሰኛል። "...እንዲህ ከሚሆንማ መለየቱ ነው የሚሻለው..." ትላለች አክስቴ። "ልጅቷስ?" ትላለች እናቴ። "ልጅቷማ በሁለቱም በኩል ትገባለች ትወጣለች፤ ምን ትሆናለች?" ከዚያ አባቴ "በቃ፣ አናጢ እጠራለሁ" አለ።

ቢላውን አስቀምጬ ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ። እናትና አባቴ ሊለያዩ ነው፤ ለእኔም እንደ ድመት በሁለት ቤት መዞር ተፈርዶብኛል።

በቅርቡ እናቴን ስለዚያ ቀን ጠይቄያት ነበር። ስለ ሥራ ቦታ ነው ያወራነው አለችኝ። "ልጅቷስ" የተባለውም አልጋዬ ሳሎን ስለነበር የት ይዘርጋ ለማለት ነው። ያን ቀን አንድም ሰው ስለ ፍቺ አላነሳም። እኔ ግን ድንቹን ልጬ ሳልጨርስ አፋትቼያቸው ነበር።

አናጢው የሰፈሩ ሰው "ሚሊሜትር" የሚለው ሰውዬ ነው። ሳይለካ አይናገርም፤ ለክቶ ሲቆርጥም ሁልጊዜ ትንሽ ያንሰዋል። እርሳሱን ጆሮው ላይ ሰክቶ፣ ሜትሩን እየሳበ ሳሎናችንን ዞረው።

"መምህር፣ መሀል ለመሀል ላድርገው?"

"መሀል ለመሀል" አለ አባቴ።

"ኧረ ትንሽ ወደ እሱ ግፋው" አለች እናቴ። "እኔ ጨርቄን የት ልዘርጋው? አናቴ ላይ?"

አባቴ ሰሌዳውን ተሸክሞ ወደ በሩ አፈገፈገ። አናጢውም መስመሩን ወደ እሱ ገፋው። እናቴ አባቴን ከገዛ ሳሎኑ እያባረረችው ነው ብዬ ደመደምኩ። ያን ቀን ሰፊውን ቦታና መስኮቱን ወዶ እንደሰጣት የገባኝ፣ እኔም ከሰው ጋር አንድ ቤት መኖር ጀምሬ ማን የትኛውን ቁም ሳጥን ይያዝ ስንባባል ነው።

ሚሊሜትር ምሳ ሊበላ ሲወጣ አባቴን ያዝኩት።

"አባዬ፣ ይሄ ዲቫይድ ነው ሴፓሬት?"

ፊቱ ፈካ። ጥያቄዬ የቋንቋ መሰለው። "ጎበዝ! ዲቫይድ ነዋ። አንድ ሳሎን ነበር፣ ለሁለት ተከፈለ። ሁለቱም ግን ያው ሳሎናችን ነው።"

"አንተና እማዬስ?"

"እኛ ምን?"

"እናንተስ የትኛው ናችሁ?"

ከት ብሎ ሳቀ። "እኛማ ሰዎች ነን" አለና ጸጉሬን ደባበሰኝ። የአስተማሪ ልጅ ነኝ፤ አስተማሪ ጥያቄ ሲያመልጥ አውቃለሁ። ወይም የማውቅ መሰለኝ። አሁን ሳስበው አባቴ ያን ጊዜ የሚያመልጠው ነገር አልነበረውም፤ ጥያቄው እውነትም አስቆት ነው።

ያን ሰሞን ያየሁትን ሁሉ በሁለቱ ቃላት ስመድብ ዋልኩ። ዳቦ ሲቆረስ ዲቫይድ። ባቄላ ሲለቀም ሴፓሬት። አስተማሪያችን ወንዶቹን ለብቻ ሴቶቹን ለብቻ ስታሰልፍ ሴፓሬት፤ ክፍላችን ስለሞላ ግማሾቻችን ወደ ሌላ ክፍል ስንዛወር ዲቫይድ። እናቴ ጸጉሬን ለሁለት ከፍላ ስትጎነጉነኝ ዲቫይድ፤ ያንኑ ጸጉር በቀጭን ማበጠሪያ ስትቀምል ሴፓሬት። ጨዋታ ይምሰል እንጂ ጨዋታ አልነበረም። ጨርቅ ቢቆረጥ መፍትሔ አለው፤ ያንን ጉደኛ ጀርባ እንኳ እናቴ እያጉረመረመች ገጣጥማ የደብተር መያዣ ሰፍታልኛለች። አዝራሮቹ ግን ጥቁሩ በአንድ ቆርቆሮ ነጩ በሌላ እንደገቡ ቀሩ። "እንዲያውም ተገላገልኩ" ብላ ዳግመኛ አልደባለቀቻቸውም። ወላጆቼ አዝራር እንዳይሆኑብኝ ፈጣሪን ለመንኩ።

ግድግዳው ከስስ ጣውላ ነው የተሠራው። ኮርኒሱ ጋ ሊደርስ ትንሽ ሲቀረው አልቋል፤ ሚሊሜትር ነዋ። በአንድ ጎኑ ለመተላለፊያ ክፍተት ተትቶለት መጋረጃ ተሰቀለበት። ወዲያው ቤታችን ውስጥ አዲስ ነገር ጀመረ። አባቴ ትምህርት ሊጀምር ሲል ጣውላውን በጣቱ ኳ ኳ ያደርጋል፤ እናቴ መኪናዋን አቁማ አዝራር መትከል ወይም ጠርዝ በእጇ መስፋት ትይዛለች። ሲጨርስ እንደገና ያንኳኳል፣ መኪናው ይነሳል። አንዳንዴ አጣዳፊ ሥራ ሲይዛት እናቴ በመቀሷ እጀታ ትመታዋለች፤ ያኔ አባቴ ተማሪዎቹን "እስቲ አሁን ጻፉ" ይላቸዋል።

እኔ ይሄን ሁሉ ጠብ ነው አልኩ። ሰው አፍ እያለው ግድግዳ የሚደበድበው ሲጣላ ካልሆነ መቼ ነው?

ስለዚህ የማስታረቁን ሥራ ራሴ ያዝኩት። የአባቴን መነጽር ወስጄ የእናቴ ጨርቆች ላይ አኖራለሁ፤ ሊፈልግ ይመጣል። የእናቴን ሜትር ወስጄ የአባቴ መጻሕፍት መሀል እሸጉጣለሁ፤ ልትፈልግ ትሄዳለች። በተገናኙ ቁጥር ቆም ብለው ያወራሉ። እናቴ የሰማችውን ትምህርት እያነሳች ታሾፍበታለች፤ አባቴ "ዝም ብለሽ ስፊ እንጂ ማን ጆሮሽን ወዲህ ላኪ አለሽ?" ይላታል፤ ይስቃሉ። እኔ መጋረጃው ኋላ ሆኜ ደረቴን እነፋለሁ። ጣውላው ግን እንደቆመ ነው፤ ጣውላው እስካለ ድረስ ልቤ አላረፈም። አንድ ቀን ከፈረሰ ሁሉ ነገር ደህና ይሆናል እል ነበር።

በቅርቡ ሳነጋግራት እናቴ፣ መነጽሩን የማስቀምጠው እኔ እንደነበርኩ ሁለቱም ያውቁ እንደነበር ነገረችኝ። "አንዳንዴማ አንቺ ሳትነኪው ራሱ እኔ ጋ ጥሎት ይሄድ ነበር" አለች፣ ክር እንዳስገባላት መርፌዋን እየሰጠችኝ። ዓይኗ ደክሟል። "ከአባትሽ ጋር ደህና የኖርነው ያ ጣውላ በነበረ ጊዜ ነው። እሱ እዚያ፣ እኔ እዚህ፤ ስንፈላለግ እንተያያለን።"

ከዚያ ማንኳኳቱ ቆመ። መቼ እንደቆመ በውል አላውቅም፤ የሚቆም ነገር መቆሙ የሚታወቀው ከቆየ በኋላ ነው። አባቴ ከከተማው ማዶ ባለ አንድ የቋንቋ ትምህርት ቤት ሥራ አገኘ፤ ተማሪዎቹም እኛ ቤት መምጣት ተዉ። የእሱ በኩል ከመጻሕፍቱና በኋላ ከገባች አንዲት ጠባብ አልጋ በስተቀር ባዶ ሆነ። አልጋዋ ለምን ገባች ብዬ ስጠይቅ "አባትሽ እያመሸ ስለሚገባ እንዳይቀሰቅሰን ነው" ተባልኩ። እውነትም ያመሽ ነበር። እናቴ መኪናዋን እንዳሻት ታስነሳለች። ጨው በዛ፣ መብራት አጥፋ፣ የት ነበርክ የሚባል ነገር ጠፋ። መነጽሩን እናቴ ጋ ባስቀምጠው "አባትሽ መነጽሩን ረስቷል፣ ውሰጂለት" ትለኛለች። እወስድለታለሁ። "አመሰግናለሁ በያት" ይለኛል። እላታለሁ።

ከሁሉ በላይ ደስ ያለኝ ግን አነጋገራቸው ነው። ድሮ "አንተ ሰውዬ፣ ስማኝ እንጂ!" ትለው የነበረች እናቴ "ምሳ ቀርቧል፣ ይብሉ" ማለት ጀመረች። እሱም "አመሰግናለሁ፣ እርስዎ ይቅደሙ" ይላታል። እርስዎ! እኔ በማውቀው ዓለም እርስዎ የሚባሉት ርእሰ መምህሩ ብቻ ነበሩ። ወላጆቼ እንዲህ ከፍ ማለታቸው አኮራኝ። ትምህርት ቤት ሄጄ ጉራዬን ነዛሁ፤ "የእኔ እናትና አባት እንደናንተ አይደሉም፤ ይከባበራሉ" አልኩ። ጓደኞቼ ቀኑብኝ። ከመሀላቸው አንዷ ቤቷ ሄዳ እናቷን "አንቺም አባዬን እርስዎ በይው" ብላ እንደለመነች ነገረችኝ።

አክስቴ ስትመጣ በር ላይ ተቀበልኳትና ምሥራቹን አበሰርኳት። "አክስቴ፣ ታርቀዋል እኮ! አሁን ጭራሽ አይጣሉም።"

ቦርሳዋን መሬት አስቀምጣ አየችኝ። "አዎ፣ የኔ ልጅ" አለችኝ። "አሁንስ አይጣሉም።" ከዚያ መሀረቧን አውጥታ አፍንጫዋን ጠረገች። እኔም ጉንፋን ሰሞኑን ገብቷል አልኩ።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ሚሊሜትር መዶሻና ጉጠቱን ይዞ መጣ።

"ምን ልትሠራልን ነው?" አልኩት።

"ልሠራ አይደለም፣ ላፈርስ ነው።"

ጮህኩ፣ ዘለልኩ፣ እግሩ ላይ ተጠመጠምኩበት። የመጀመሪያው ምስማር ከጣውላው ሲጢጥ እያለ ሲነቀል አጨበጨብኩ። ለሁለተኛውም አጨበጨብኩ። ሚሊሜትር በሥራ ዘመኑ እንዲህ ያለ አድናቆት ገጥሞት አያውቅም መሰለኝ፤ ግራ ገብቶት ወደ እናቴ ያያል። ጣውላው ሲነሳ የእናቴ መስኮት ብርሃን እስከ በሩ ድረስ ገባ። ሳሎናችን ይሄን ያህል ሰፊ መሆኑን ረስቼው ነበር። ከዳር እስከ ዳር ሮጥኩ። እናቴ መኪናዋ ላይ አቀርቅራ ትሰፋለች።

"እማዬ፣ ክርሽ እኮ አልቋል" አልኳት።

"አውቃለሁ" አለችኝ፤ አላቆመችም።

"መምህር፣ ጣውላውን የት ላድርገው?" አለ ሚሊሜትር።

"ከመጻሕፍቱ ጋር ጫነው። መደርደሪያ ይወጣዋል።"

በራችን ላይ ጋሪ ቆሟል። መጻሕፍቱ ተጭነዋል፣ ሰሌዳውም፣ ጠባቧ አልጋም። አባቴ ገመድ እያጠበቀ ነው።

"አባዬ፣ ዕቃው ወዴት ነው?"

"ከሥራዬ አጠገብ አንዲት ክፍል ተገኝታለች። ወደዚያ።"

"ለመጻሕፍቱ?"

ፊቱን ወደ ገመዱ መለሰ። "ለመጻሕፍቱ" አለኝ።

አመንኩት። ለምን አላምነውም? መጽሐፍ ቦታ ይይዛል፤ እሱ ከወጣ ሳሎኑ ለእኛ ይሆናል። አልጋዋስ ብዬ ራሴን ጠየቅሁ፤ ከእንግዲህ ትልቁ አልጋ ላይ ሊተኛ ነዋ፣ ጠባቧ ምን ትሠራለታለች ብዬ ለራሴ መለስኩ። የሚነግረኝ ሰው አልነበረም። እናቴ አባቴ ነግሯታል ብላለች፤ አባቴ እናቴ ነግራታለች ብሏል፤ አክስቴ ደግሞ ወላጆቿ እያሉ እኔ ማን ነኝ ብላ ዝም። እንዲህ በመከባበር ሁሉም ተዉኝ። ያ ጣውላ የቆመው አብረው መኖር ስለፈለጉ ነበር። አብሮ መኖሩ ሲቀር ሥራ ፈታ፣ ፈረሰ፤ ልጃቸው አጨበጨበች። እናቴ ያን ጭብጨባ ሰምታ ያለ ክር ስትሰፋ መዋሏን ሳስብ ዛሬም ያመኛል።

ሳምንቱን ሙሉ አባቴ ቤት አልመጣም። "ፈተና እያረመ ነው" አለች እናቴ። ፈተና ሲታረም እንዲያ ነው ብዬ ተውኩት።

እሁድ ከሰዓት መጣ። ጸጉሩን ተቆርጧል፣ ኮት ለብሷል። እጁን ይዤ ጎትቼ አስገባሁት። እናቴ ደህናውን ወንበር ሳበችለት፤ ሻይም አመጣችለት፣ እኛ በማንጠጣበት ባለ ሰሃኑ ስኒ። ሲከበር ሳይ ደስ አለኝ። ስለ ትምህርቴ ጠየቀኝ።

"ሥራ እንዴት ነው?" አላት እናቴን።

"ይመስገን፣ ደህና ነው። የእርስዎስ?"

"ደህና ነው።"

እኔ ሳሎኑ መሀል ቀሚሴን ዘርግቼ እየተሽከረከርኩ ስፋቱን አሳየሁት። "አየህ አባዬ? አየህ?" አየሁ አለኝ። ሻዩን እስከ ግማሹ ጠጥቶ ተወው፤ ሰዓቱን አየና ተነሳ።

"በሉ እንግዲህ" አለ፣ "ወደ ቤቴ ልሂድ።"

ሳቄ መጣ። "ቤትህ እኮ ይሄ ነው!"

ማንም አልሳቀም። እናቴ ስኒውን ከነሰሃኑ አንስታ የት እንደምታስቀምጠው ጠፋት። ሮጬ በሩን ቀደምኩትና ሁለት እጄን ዘርግቼ ቆምኩ። እየሳቅሁ ነበር፤ ጨዋታ እንዲሆንልኝ ነው የምስቀው።

"አትወጣም! አታልፍም!"

መጥቶ ጎንበስ አለ። እጆቹን በብብቴ ስር አስገብቶ ከመሬት አነሳኝ። ሊስመኝ መስሎኝ ጉንጬን አቀናሁለት። ሳሎኑን ተሻገረና ከእናቴ አጠገብ አቁሞኝ ወጣ።